«ሃይማኖት ዓለምን ጎድቷል» ላለኝ ባልደረባዬ ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በእግዚአብሔር የማያምን አንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ የተቸገረ ሲያይ አያልፍም። በቀደም ስንጫወት «ሃይማኖት ለኅብረተሰቡ ከጠቀመው የጎዳው ይበልጣል» አለኝ። በእግዚአብሔር ስም የተደረጉ ጦርነቶችን ቆጠረልኝ። ባርነት በመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ይደገፍ እንደነበር ነገረኝ። ድሃውን «ዋጋህን በሰማይ ታገኛለህ» እያላችሁ ዝም ታሰኙታላችሁ አለ። «ደግ ለመሆን ደግሞ አምላክ አያስፈልግም» ብሎ ጨረሰ። አፌን ይዤ ቀረሁ። የከበደኝ ግን ግማሹ እውነት መስሎ ስለታየኝ ነው። ኃጢአት ሆነብኝ? ምን ልመልስለት? ከእሱ ጋር መዋሌንስ ልተው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ግማሹ እውነት የመሰለሽ እውነት ስለሆነ ነው። እውነትን እውነት ብሎ መቀበል ኃጢአት የለበትም። በዚህ ልብሽ ይረፍ።

ጦርነቱን እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ1204 የመስቀል ጦረኞች የክርስቲያኖች ከተማ የነበረችውን ቁስጥንጥንያን ዘረፉ። በልብሳቸው ላይ መስቀል ሰፍተው የእምነት ወንድሞቻቸውን ገደሉ፤ አብያተ ክርስቲያናትን በዘበዙ። «እነሱማ እውነተኛ ክርስቲያኖች አልነበሩም» ብለሽ ልታልፊው ትችያለሽ። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ነበር የምመልሰው። አሁን ግን ይህ መልስ ይከብደኛል። ተጠምቀው ነበር፣ ይጸልዩ ነበር፣ ይቆርቡ ነበር። ጥፋቱ ከቤታችን ነው የወጣው።

ባርነትም እንዲሁ ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ መጽሐፈ መክብብን ሲተረጉም ሰው መግዛትን አጥብቆ አወገዘ። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረን ሰው ዋጋውን ማን ሊተምነው ይችላል የሚል ነበር ነገሩ። ይህን ስብከት ሳነብ ልቤ በደስታ ይሞላል፤ ወዲያው ደግሞ አዝናለሁ። የብሪታንያ ፓርላማ የባሪያ ንግድን በሕግ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው። ቅዱሱ ከተናገረ ከ1400 ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ክርስቲያን ሰው ሸጠ፣ ሰው ገዛ! ለክልከላው ከታገሉት ብዙዎቹ አማኞች ነበሩ፤ የፓርላማ አባሉን ዊልያም ዊልበርፎርስን መጥቀስ ይበቃል። ግን ንግዱን በጥቅስ ሲደግፉ የኖሩትም ያንኑ መጽሐፍ የያዙ ነበሩ። ለባልደረባሽ ስትነግሪው ሁለቱንም ንገሪው። አንዱን ብቻ ከነገርሽው አያምንሽም፤ ባያምንሽም አልፈርድበትም።

ድሃውን በሰማይ ተስፋ ዝም ማሰኘት ያለውን ካርል ማርክስም እ.ኤ.አ. በ1844 ጽፎታል፤ ሃይማኖትን «የሕዝብ ኦፒየም»፣ ማለትም ማደንዘዣ፣ ያለው ያኔ ነው። ነገር ግን ሐዋርያው ያዕቆብ ከእሱ በፊት ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? የተራበና የታረዘ ወንድማችሁን «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡ» ብላችሁ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ካልሰጣችሁት ምን ይጠቅመዋል አለ። ይህ ቃል ከገዛ መጽሐፋችን ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም ለሚጸልዩት ሰዎች «እጆቻችሁ ደም ተሞልተዋል» ብሏቸዋል። ቅዱስ ጳውሎስም በእናንተ ሰበብ የእግዚአብሔር ስም በአሕዛብ መካከል ይሰደባል ብሎ ጽፏል። ባልደረባሽ የከሰሰን ነቢያትና ሐዋርያት በከሰሱን ነገር ነው። ስለዚህ እንደ ጠላት አትስሚው።

አሁን ወደማልስማማበት ልምጣ። «ሃይማኖት ቢጠፋ ክፋቱም ይቀንሳል» የሚለው ሐሳብ ተሞክሯል። አልባኒያ እ.ኤ.አ. በ1967 አብያተ ክርስቲያናትንና መስጊዶችን ዘጋች፤ ራሷንም አምላክ የለሽ መንግሥት ብላ አወጀች። ካህናት ታሰሩ፣ ተገደሉ። ይህን ግን እንደ ዱላ አታንሺበት። እሱ ማንንም አላሰረም። የማነሳው የሰው ልጅ ጭካኔ ያለ መቅደስም እንደሚኖር ለማሳየት ብቻ ነው። በሽታው ሥልጣን በሚወድ ልብ ውስጥ አለ። ያ ልብ ሃይማኖትን ካገኘ ሃይማኖትን ይለብሳል፣ ሌላ ካገኘም ሌላ ይለብሳል።

ታዲያ እምነት ያንን ልብ ይገታዋል ወይ? ሲሠራ አዎ። እ.ኤ.አ. በ390 የሮሙ ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ወታደሮች በተሰሎንቄ ሕዝብ ጨፈጨፉ። የሚላኑ ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስዮስ ንጉሡን ንስሐ ካልገባ አላቆርብህም አለው። የዓለም ኃያል የነበረው ሰው በሕዝብ ፊት አለቀሰ። በዚያው ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ በቂሳርያ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለለምጻሞች ማረፊያ ሠራ። ክርስትናን ትቶ የነበረው የሮም ንጉሥ ዑልያኖስ እንኳ ክርስቲያኖች በቸርነታቸው ሰውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ መሆኑን ጽፎ፣ የራሱ ካህናትም ለድሃ እንዲያዝኑ አሳስቧል። ይህ የባላጋራ ምስክርነት ነው፤ ለእኔ ከብዙ ምስጋና ይበልጥብኛል።

«ደግ ለመሆን አምላክ አያስፈልግም» ላለሽ፣ የማያምን ሰው ደግ ሊሆን አይችልም ብለሽ አትከራከሪ። ሮሜ ምዕራፍ 2ን አንብቢ። ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕጉን ሥራ ከባሕርያቸው ሲያደርጉ በልባቸው የተጻፈውን ያሳያሉ ይላል። ያ ደግነት የእውነት ደግነት ነው። እኛ የምናምነው ልቡ ላይ የጻፈ አለ ብለን ነው። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው፤ በክርክር አይዘጋም።

መዋሉን አትተዪ። ጌታችን ከማን ጋር ይበላ እንደነበር ታውቂያለሽ። ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቋችሁ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ካለ በኋላ «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ብሎ ጨምሯል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ጥለናል። ሰው ፊት አትከራከሪው፤ ሰው ሲሰማ ሁሉም ላለመሸነፍ ነው የሚያወራው። ለብቻችሁ ስትሆኑ «ያልከው ብዙው እውነት ነው፤ እኔም አዝናለሁ» በይው። ከዚያ ከአማኞች የደረሰበት በደል ካለ ጠይቂው። እንዲህ ያለ በደል የደረሰበት ሰው ብዙ ነው፤ ግን ሁሉም እምነት ያጣው ተጎድቶ ነው ብለሽ አትገምቺ። ቁጭ ብሎ አስቦ ወደዚያ የደረሰም አለ፤ ሐሳቡን አክብሪለት።

ሲመልስልሽ አታቋርጪው። ምን እንዳለሽ ደግሞ ጻፊልኝ።