«ቻይው» ለተባላችሁ

«ሲስተር፣ የወር አበባዬ ሲመጣ ሁለት ቀን ከአልጋ አልነሳም። እናቴ ‹ስትወልጂ ይተውሻል፣ ቻይው› ትለኛለች።» የ19 ዓመት ተማሪ፣ ከኮዬ ፈጬ

የኔ ልጅ፣ ከወለደች በኋላ የሚቀልላት አለች፤ የማይቀልላትም አለች። ደግሞስ እስክትወልጂ ድረስ በየወሩ ከትምህርት ትቀሪያለሽ? ቁርጠቱ የሚመጣው ማህፀን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር አመንጭቶ ሲኮማተር ነው። አይቡፕሮፌን ይህ ንጥረ ነገር እንዳይመረት ያግዳል። ስለዚህ ሕመሙ እስኪበረታ አትጠብቂ፤ ገና ሲጀምርሽ 400 ሚሊግራም፣ ምግብ በልተሽ፣ በየ8 ሰዓቱ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ውሰጂ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም የሚያምሽ ከሆነ፣ እርግዝናም ከጠረጠርሽ፣ እሱን ተይና ስለ ፓራሲታሞል ፋርማሲውን ጠይቂ። ሞቅ ያለ ውሃ በጠርሙስ ሞልተሽ፣ በነጠላ ጠቅልለሽ ከእምብርትሽ በታች ያዥው፤ ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ በእጅጉ ያስታግሳል። ሦስት ወር ሞክረሽው ካልተሻለሽ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ነገር ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) ሊሆን ስለሚችል የማህፀን ሐኪም ይይሽ። ለእናትሽም ይህን አንብቢላቸው፤ እሳቸውም ቻይ ተብለው ነው ያደጉት።

«አንድ ሞዴስ አንድ ሰዓት አይቆይልኝም፤ ጉበት የመሰለ የረጋ ደም ይወርደኛል። አራተኛ ፎቅ ስወጣ ልቤ ይመታል።» የ41 ዓመት እናት፣ ከየካ አባዶ

እርስዎ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ዛሬ ራስዎን የሚያዞርዎት ከሆነ ደግሞ ነገን አይጠብቁ። ሞዴስ በየሰዓቱ የሚያርስ ወይም ከ7 ቀን በላይ የሚቆይ ደም መመርመር አለበት። ደረጃ ላይ ልብ መምታቱ የደም ማነስ ምልክት ይመስላል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። መነሻው ማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ፣ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በአልትራሳውንድ ይታያል፣ ሕክምናም አለው። የብረት ክኒን ከታዘዘልዎ በሻይ ወይም በቡና አይዋጡት፤ ብረቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። ቡናዎን አይተዉ፣ ከክኒኑም ከምግቡም አንድ ሁለት ሰዓት ያርቁት እንጂ።

«ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። ጨርቅ ነው የምጠቀመው፤ ሰው እንዳያይብኝ አልጋ ሥር አሰጣዋለሁ።» ከቱሉ ዲምቱ

እህቴ፣ ጨርቁ አይደለም የሚጎዳሽ፣ እርጥበቱ ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀጥሎ በሳሙና እጠቢውና ፀሐይ ላይ አስጪው፤ ካፈርሽ ስስ ሻሽ ጣል አድርጊበት። ሳይደርቅ አትልበሺው። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባለችው ታጥቦ የሚመለስ ሞዴስ በመቀሌ በማምረቷ ነው።

«የ13 ዓመት ልጄ አንድ ወር አይታ ሌላውን ትዘላለች።» ከለገጣፎ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት የተለመደ ነው። ከሦስት ወር በላይ ከጠፋባት ያሳይዋት።

«የሦስት ወር መርፌ ከጀመርኩ የወር አበባዬ ቀረ። ጎረቤቶቼ ደሙ ሆድሽ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው ይሉኛል።» ከጀሞ

አልተጠራቀመም። መርፌው የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያሳሳዋል፤ ስለዚህ የሚፈሰው ነገር ራሱ የለም። መውለድ ስትፈልጊ መርፌውን ካቆምሽ በኋላ ለመፀነስ ብዙ ወራት ሊወስድ ስለሚችል አስቀድመሽ አስቢበት። ቀጠሮሽ ካለፈብሽ ግን ዛሬውኑ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ።