የመሣሪያ ጥያቄ፦ ድሪሌ ጥቁር ድንጋዩን ለምን አቃተው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ የድሮ ቤት ተከራይቻለሁ። የውሃ ማሞቂያ ልሰቅል ብዬ አዲስ ድሪል ገዛሁ። የመዶሻ ምልክት አለው። ብሎኬት ላይ ያለ ችግር ይገባል። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ግን ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እዚያ ላይ ይጮሃል እንጂ አይበሳም። የፑንታው (የመብሻው ብረት) ጫፍ ግሎ ቀላ። ጎረቤት የሚሠራ ልጅ በራሱ ማሽን አፍታ ሳይቆይ በሳው። የእሱም መዶሻ፣ የእኔም መዶሻ። ተታልዬ ይሆን?
ተከራዩ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ አልተታለልክም። የእሱና የአንተ ማሽን ለየቅል ናቸው። ሻጩ ልዩነቱን አለመንገሩ ግን ያናድዳል። እኔ ጋ ጥገና ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚለው «ቻይና ስለሆነ ነው» ነው። የትም ይሠራ የት፣ ይህ ዓይነት ድሪል ባዛልት (ያ ጥቁር ድንጋይህ) ላይ ይለምናል።

የአንተን ብንፈታው ከፊት በኩል ጥርስ ያላቸው ሁለት ክብ ብረቶች እናገኛለን። አንዱ ይዞራል፣ አንዱ ቆሟል። ጥርሱ በጥርሱ ላይ ሲንሸራተት ፑንታው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀጠቀጣል። በደቂቃ ከ40,000 በላይ ምት ሊደርስ ይችላል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ እያንዳንዷ ምት ግን ከመኮርኮር አታልፍም። ለብሎኬትና ለጡብ ትበቃለች። የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ በመኮርኮር አይበገርም።

የጎረቤትህ ማሽን ሆዱ ሌላ ነው። ሞተሩ አንድ ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይነዳል። ከፒስተኑ ፊት የታፈነ አየር አለ። ከአየሩ ፊት ደግሞ ከምንም ጋር ያልታሰረ ብረት አለ። ፒስተኑ ሲገፋ አየሩ ይታመቅና ብረቱን ይወረውረዋል፤ ብረቱ ሄዶ ከፑንታው ጀርባ ያርፋል። ትንሹ ማሽን እንኳ በደቂቃ 4,000 ያህል ጊዜ ይመታል። ከአንተው በአሥር እጅ ያነሰ ነው። የአንዱ ምት ጉልበት ግን ከ2 እስከ 3 ጁል ይደርሳል። 2 ጁል ማለት አንድ ኪሎ ብረት ከ20 ሳንቲሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚያሳርፈው ነው። ይህን በሰከንድ ከ60 ጊዜ በላይ አስበው።

ለዚህ ነው ልጁ ላብ ሳይወጣው የበሳው። በአንተ ድሪል ጥርሶቹ እንዲገናኙ ሰውነትህን ጥለህ መጫን አለብህ። በእሱ ማሽን ዝም ብለህ መያዝ ይበቃል። ብዙ ብትጫነው ሥራውን ታደናቅፈዋለህ።

ድንጋይ መምታት ለኤሌክትሪክ ቀላል አልነበረም። ሞተር ማዞር ይወዳል። ምት ሲመጣበት ግን ንዝረቱ ተመልሶ ማርሹንም የሽቦ ጥቅሉንም ይፈጃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ይህ የአየር ሥራ ነበር። በአልፕስ ተራሮች ሥር ፈረንሳይንና ጣሊያንን የሚያገናኘው የፍሬዡስ የባቡር ዋሻ ሲቆፈር፣ መሐንዲሱ ዠርማን ሶሜዬ በታመቀ አየር የሚመታ መሰርሰሪያ አስገባ። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 1861 ነው። ከመሰርሰሪያው የሚወጣው አየር ለሠራተኛው መተንፈሻም ሆነው። ዋሻው በ1871 ተከፈተ። ለዋሻ ይሁን፤ አንድ ማሞቂያ ለመስቀል ግን ማን ኮምፕረሰር ይጎትታል? የጀርመኑ ቦሽ መዞርንና መምታትን በአንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ያጣመረውን «ቦሽ ሀመር» ለገበያ ያወጣው በ1932 ነው። እኔን የሚያስቀኝ ኤሌክትሪክ አየርን ከሥራው ካፈናቀለ በኋላ፣ ዛሬ ያው አየር ማሽኑ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱ ነው።

የፑንታውንም ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ሰው ሁሉ ሞተሩን አድንቆ ጫፉን ይረሳል። ጫፉ ላይ የተበየደችው ጠንካራ ቁራጭ ተንግስተን ካርባይድ ትባላለች። የመጣችው ከአምፖል ፋብሪካ ነው ብልህ ታምናለህ? የአምፖል ክር ለመሳብ ጠንካራ ቀዳዳ ያስፈልግ ነበር፤ አልማዝ ደግሞ ውድ ነው። ኦስራም በተባለው የጀርመን አምፖል ኩባንያ ውስጥ ካርል ሽሮተር በ1923 መላውን አገኘ። የብረት ኩባንያው ክሩፕ ገዝቶ «ዊዲያ» ብሎ ሸጠው፤ በጀርመንኛ «እንደ አልማዝ» ማለት ነው። ያቺ ቁራጭ እስኪቀላ ከጋለች ብየዳዋ ይለቅና ትወድቃለች። የቀላውን ፑንታህን ጣለው።

አሁን ወደ ግድግዳህ። ለአንድ ማሞቂያ ብለህ እንደ ልጁ ያለ ማሽን አትግዛ፣ ተከራይ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ጠይቅ፤ ስትወስድ ግን ፑንታው ኤስዲኤስ መሆኑን እይ። ጭራው ላይ ቦይ አለው። ቦሽ በ1975 ያመጣው ነው፤ ፑንታው ሳይወልቅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲንሸራተት ያስችለዋል። አንተ ድሪል ላይ አይገጥምም፤ በግድ አትሞክር።

መጀመሪያ መዶሻውን አጥፍተህ ቦታውን አስይዝ። ቀጥሎ መዶሻውን ክፈት። በየመሃሉ ፑንታውን እያወጣህ አቧራውን አስወጣ። ውሃ አታፍስበት፤ ኤሌክትሪክ ይዘሃል። የምትበሳው ድንጋዩን እንጂ መገጣጠሚያውን አይደለም። ብዙ የድሮ ቤት በኖራ የተገነባ ነው፤ ኖራው ለፎቶ ፍሬም ይሆናል እንጂ ማሞቂያ አይችልም። 50 ሊትር የሚይዝ ማሞቂያ ውሃው ብቻ 50 ኪሎ ነው። ከድንጋዩ ጠርዝም ራቅ በል፤ ይፈነጠራል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ፑንታ ከመንካትህ በፊት ፈቃድ ጠይቅ። አከራይህንም ጭምር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሪልን የፈለሰፈው ማን ነው? ጓደኛዬ ጀርመን ይላል፣ መምህራችን አሜሪካ አሉ፣ እኔ ደግሞ አውስትራሊያ የሚል አነበብኩ። በሻይ ተወራርደናል።
ተማሪው፣ ከማራኪ

መልስ፦ ሻዩን ሦስታችሁም ክፈሉ። አንተ ያነበብከው ልክ ነው፤ አርተር አርኖትና ዊልያም ብሬን በ1889 ሜልቦርን ላይ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ፓተንት አወጡ። ያ ግን ለዓለትና ለድንጋይ ከሰል የታሰበ ነበር። ጓደኛህም ልክ ነው፤ በእጅ የሚያዘውን በ1895 ሽቱትጋርት የሠራው የፋይን ኩባንያ ነው። 7.5 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። ያንን ይዞ ጣሪያ መብሳትን አስበው።

መምህራችሁ ያሉት ዛሬ እጃችን ላይ ያለውን ቅርጽ ነው። በ1910 ባልቲሞር ላይ ዱንካን ብላክና አሎንዞ ዴከር ሱቅ ከፈቱ። ብላክ ለመነሻ ገንዘብ መኪናውን ሸጦ ነበር። የኮልት ሽጉጥን እጀታና ቃታ ወስደው ድሪል ላይ አደረጉት፤ ፓተንቱ በ1917 ተሰጣቸው። ለእኔ ከሦስቱ ትልቁ ይኼኛው ነው። ፑንታ ብረት ውስጥ ሲነክስ ማሽኑ የእጅ አንጓ ይጠመዝዛል። ያኔ ማብሪያ ማጥፊያ ፍለጋ የለም፤ ጣትህን ስትለቅ ይቆማል። ፍርዱ የእኔ ነው፤ መምህሩን ለማስደሰት አይደለም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ድሪል ላከልኝ። ሶኬት ላይ ሰክቼ ስነካው በኃይል ዞረ፣ ጨሰ፣ ቆመ። ይጠገናል? ሌላ በባትሪ የሚሠራም ልኳል፤ እሱን ፈራሁት።
እህታችሁ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ የእኔ እህት፣ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እንዲህ ያለ ሞተር ቮልት ሲጨመርለት ፍጥነት ይጨምርና ይቃጠላል። የተጎዳው ካርቦኑ (ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ) ብቻ ከሆነ ርካሽ ነው፤ ሁለቱንም ካርቦኖች አንድ ላይ ያስቀይሩ። ጥቅሉ ከጠቆረ ግን የማስጠቅለያው ዋጋ ከአዲስ ድሪል ጋር ሊቀራረብ ስለሚችል አስቀድመው ዋጋ ይጠይቁ። ከተጠገነም በትራንስፎርመር ብቻ ነው የሚሠራው፤ የትራንስፎርመሩ ዋት ከድሪሉ ይብለጥ።

የባትሪውን አይፍሩት። ድሪሉ ከሶኬት ጋር ጉዳይ የለውም፤ አደጋው ቻርጀሩ ላይ ነው። ገልብጠው ጽሑፉን ያንብቡ። «100-240» ካለ ይሰኩት። «120» ብቻ ካለ እዚህ የሚሠራ ቻርጀር ወንድምዎ ፈልጎ ይላክ፤ ባትሪው እስከዚያው ከፀሐይ ይራቅ።