መልስ፦ ጸድቆ ያለቀ በጀት ላይ ለምን ተጨመረ?

ሰላም ወንድሜ፣ «የ2017 በጀት ጸድቆ ሳለ በዓመቱ መሃል ለምን 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨመረ? ጎንደርስ ምን ይደርሳታል?» ብለህ ጠይቀሃል።

ሕጉ ይፈቅዳል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያቀርባል፣ ፓርላማው ያጸድቃል። ያከራከረው ሌላ ነው። ዋናው በጀት 971.2 ቢሊዮን ነበር። ጭማሪው ከግማሹ በላይ ነው እኮ!

መነሻው ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ መለቀቁ ነው። ዶላር ሲወደድ የውጭ ዕዳው፣ ነዳጁና ማዳበሪያው በብር ሲሰላ አበጠ። ድሮ ቢሆን መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደር ነበር። ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ጋር በገባው ስምምነት ግን ያ በር ተዘጋ። የቀረው ታክስ፣ እርዳታና ሌላ ብድር ነው። ታዲያ ኢኮኖሚው እስኪያገግም ሸክሙን ማን ይሸከመው? ኑሮ የከበደው ደመወዝተኛ? እኔ ጭማሪውን በጥርጣሬ ካዩት ጋር ነኝ።

ወደ ጎንደር ስንመጣ፣ በቀጥታ የሚላክልን ብር አትጠብቅ። የፌዴራል ድጎማ የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ነው፤ የሚሰጠውም ለክልሉ ነው። ወደ ከተሞች የሚወርደው ከባሕር ዳር ነው። ስለ ከተማችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ከሆነ የምትጨነቀው፣ የክልሉ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ተከታተል።