«ሩሚ» የአባት ስም ነው?

ጥያቄ፦ ስለ ጀላሉዲን ሩሚ ግጥሞች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነውና ሁሉም ቦታ «ጀላሉዲን» አልኩ። አርታኢዬ ደግሞ «ሩሚ» በል ይለኛል። ሰውን በአባቱ ስም ብቻ መጥራት በአማርኛ ያስኬዳል?

መልስ፦ አርታኢዎ ልክ ናቸው። «ሩሚ» የአባት ስም አይደለም። አባትየው በሃኡዲን ወለድ ይባሉ ነበር። ስለዚህ አበበ ቢቂላን «አበበ» የሚያሰኘን ልማድ እዚህ አይሠራም። እንዲያውም «ጀላሉዲን»ም ቢሆን የማዕረግ ስም ነው፤ የሃይማኖት ግርማ እንደ ማለት። ዋናው ስሙ መሐመድ ነው።

ሩሚ ማለት የሩም ሰው ነው። ሩም ሲባል ጣሊያን የሚመጣባቸው አሉ፤ አይደለም። ያኔ ሩም የሚባለው ቀድሞ የምሥራቁ ሮማ መንግሥት ይገዛው የነበረው አናቶሊያ ነው፣ የዛሬዋ ቱርክ። የኛም ክብረ ነገሥት «ንጉሠ ሮም» የሚለው የቁስጥንጥንያውን ንጉሥ ነው። ገጣሚው ግን የዚያ አገር ተወላጅ አይደለም። በ1207 እ.ኤ.አ. የተወለደው ራቅ ብሎ በምሥራቅ፣ ዛሬ አፍጋኒስታን ውስጥ ባለችው በባልኽ በኩል ነው። ቤተሰቡ ተሰዶ አናቶሊያ ውስጥ ካለችው ከተማ ኮንያ ገባ፤ እሱም በ1273 እዚያው አረፈ። አፍጋኖች ዛሬም «ባልኺ» ይሉታል፣ የኛ ነው ለማለት። ኢራኖች «ሞውላቪ»፣ ቱርኮች «ሜቭላና» ይሉታል፤ ሁለቱም ከ«ጌታ» የመጡ የአክብሮት መጠሪያዎች ናቸው። እሱ ራሱማ ለስሙ ብዙም የተጨነቀ አይመስልም፤ ስንቱን ግጥም የዘጋው በወዳጁ በሸምስ ስም ነው!

ሰውን በአገሩ መጥራት ለኛም እንግዳ አይደለም። ናፖሊዮን ግብፅን ሲይዝ ያየውን የጻፈው የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ አብዱራሕማን አል-ጀበርቲ ነው። ቅድመ አያቶቹ ከኛው ከጀበርት አገር ስለሄዱ ጀበርቲ ተባለ። በታሪክ መጻሕፍት «ጀበርቲ እንዳለው» እንጂ «አብዱራሕማን እንዳለው» አይባልም።

እንግዲህ መጀመሪያ ሲያነሱት «ጀላሉዲን ሩሚ» ይበሉ፤ ከዚያ በኋላ «ሩሚ» ይበቃል። «ጀላል አድ ዲን» ብለው አይቆራርጡት፤ «ዲን»ን የአባት ስም አድርጎ የሚያነብ አይጠፋም። «አቶ»ም አያስፈልገውም። «እሱ» ወይስ «እሳቸው» ለሚለው፣ ስለ ገጣሚው ሲጽፉ «እሱ» ነውር የለበትም። እንደ መንፈሳዊ አባት ለሚያዩት ሰዎች የሚጽፉ ከሆነ ግን «እሳቸው» ይሻላል። ብቻ አንዱን ይያዙ፤ ባንድ አንቀጽ «ጻፈ» ብለው በሚቀጥለው «አረፉ» አይበሉ።

ሌላውን የፋርስ ገጣሚ ሐፊዝንም ካነሱ እንደዚያው ነው። ሐፊዝ ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ሰው የሚጠራበት ነው፤ የአባቱን ስም ፍለጋ አይድከሙ።