ቦታው ሰያፍ ነው ብለሽ ድሮዊንጉን አታዙሪው

አንዲት ልጅ ከቱሉ ዲምቱ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፣ የደንበኛዋ ቦታ ከሰሜን 30 ዲግሪ ገደማ ዞሮ ነው የተቀመጠው፣ ቀያሹ የላከላትን ወሰን አውቶካድ (የንድፍ መሳያ ሶፍትዌሩ) ላይ ከፍታ ቤቱን ልትስል ስትል ሁሉም መስመር ሰያፍ ሆኖ አስቸገራት፣ ከዛ ሙሉውን ሴሌክት አድርጋ በሮቴት አቃናችውና ሳለች፣ ፈቃድ የሚያዩት ሰዎች ግን ኮኦርዲኔቱ ከካርታው ጋር አይገናኝም ብለው መለሱባት። እንዴት ነው ሳላበላሽ ቀጥ አድርጌ የምስለው ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ ሮቴት እኮ መሬቱን ራሱን ነው የሚያዞረው። አንቺ ሰፈር ኢስቲንጉ (ወደ ምስራቅ የሚቆጠረው ሜትር) 480 ሺህ አካባቢ ኖርዚንጉ (ወደ ሰሜን የሚቆጠረው) 982 ሺህ አካባቢ መሆን አለበት፣ አንዴ ካዞርሽው ቤዝ ፖይንት ካደረግሻት ነጥብ በቀር ሁሉም ቦታውን ለቋል። መዞር ያለበት እይታው ብቻ ነው፣ ድሮ በእጅ ሲሳል ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘወር እንደማድረግ።

ዩሲኤስ (UCS፣ አንቺ የምታስተካክይው የኤክስና ዋይ አቅጣጫ) ብለሽ ጻፊና ኢንተር በይ። ከመንገዱ ፊት ለፊት እንደቆምሽ አስቢና የወሰኑን ግራ ጥግ በኤንድፖይንት ስናፕ (የመስመሩን ጫፍ በሚይዘው) ክሊክ አድርጊ፣ ቀጥሎ ቀኝ ጥጉን፣ ሶስተኛ ነጥብ ሲጠይቅሽ ዝም ብለሽ ኢንተር። ከዛ ፕላን ጻፊ፣ ኢንተር፣ ከረንት የሚለውን ራሱ ይዞ ስለሚጠብቅሽ አሁንም ኢንተር። በቃ ወሰኑ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ኦርቶውም (ቀጥ ያለ መስመር ብቻ የሚያስስለው) ከሱ ጋር ይሄዳል። ስትጨርሺ ዩሲኤስ ኢንተር ኢንተር፣ ፕላን ኢንተር ኢንተር፣ ወደ ዎርልድ፣ ማለትም ወደ ዋናው የካርታ ኮኦርዲኔት ተመለስሽ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፣ የወሰኑን ፖሊላይን እንጂ የቀያሹን ነጥቦች እንዳትነኪ፣ ነጥቦቹ ብዙ ጊዜ ከፍታ አላቸው፣ አንዱ ጥግ ከሌላው አንድ ሜትር ከፍ ካለ ዩሲኤሱም አብሮ ያዘነብላል፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታወቅሽም ግን መስመሮችሽ አየር ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ ኋላ መስመር ልትቆርጪ ወይ ጥግ ልታገናኚ ስትይ ትሪም እምቢ ፊሌት እምቢ ይልሻል። ኦስናፕዜድ (OSNAPZ) የሚለውን ሴቲንግ ጽፈሽ 1 ብታደርጊው ከዚህ ጣጣ ትድኛለሽ።

አይዲ የሚለው ትእዛዝም የሚያነብልሽ አሁን ባለሽበት ዩሲኤስ ነው፣ ስለዚህ ዎርልድ ሳትመለሺ ኮኦርዲኔት አንብበሽ ቴብል ላይ እንዳትሞይ።

ሌይአውት (የሚታተመው ወረቀት) ላይም ያው ነው፣ ቪውፖርቱ (ስዕሉ የሚታይበት መስኮት) ውስጥ ደብል ክሊክ አድርገሽ ገብተሽ ዩሲኤስና ፕላን። ፕላን ግን ሁሉንም ዙም ስለሚያደርገው ስኬልሽ ይጠፋል፣ በሜትር ስለሽ 1:200 ከሆነ የምታወጪው ዙም ብለሽ 5ኤክስፒ (5XP) ጻፊና ወዲያው ቪውፖርቱን ሎክ አድርጊው፣ ካልቆለፍሽው አንድ የማውስ ሮለር ንክኪ ይበቃዋል። የሰሜን ቀስት ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፣ ወረቀቱ ላይ ቀጥ አድርገው ይለጥፉታል፣ ቦታው ዞሮ ሰሜኑ ሳይዞር! ዎርልድ ላይ ሆነሽ ሞዴሉ ውስጥ ኢንሰርት አድርጊው፣ እይታው ሲዞር እሱም ይዞራል።

አሁን የተበላሸብሽን ደሞ እንደገና መሳል አያስፈልግም። ዎርልድ ላይ ሁኚና ከቀያሹ ኦሪጅናል ፋይል ወሰኑን ኮፒ አድርገሽ ፔስት ቱ ኦሪጅናል ኮኦርዲኔትስ በሚለው አምጪው፣ ትክክለኛው ወሰን ቦታው ላይ ይቀመጣል። ከዛ ያንቺን ሙሉውን ሴሌክት አድርገሽ አላይን (ALIGN) በይ፣ ያንቺን አንድ ጥግ ከዛ የኦሪጅናሉን ያንኑ ጥግ፣ ሁለተኛውንም እንደዚያው፣ ሶስተኛ ሲል ኢንተር፣ ስኬል ላድርግ ወይ ሲልሽ ኖ። ቤቱም ግቢውም ተያይዞ ይሄዳል። አራቱንም ጥግ በአይዲ እያየሽ ከካርታው ጋር አመሳክሪና አስገቢው።