ቴላዮ ብቻ ለቀረው ብስክሌት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አራቱ ስለ አሮጌ የውድድር ብስክሌት ስለሆኑ ዛሬ አንድ ላይ መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አጎቴ በወጣትነቱ ከተወዳደረበት የጣሊያን ብስክሌት የቀረኝ ቴላዮው (ዋናው የቱቦ አካል) እና የፊት ሹካው ብቻ ነው። ዕቃ መግዛት ከምን ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ካሊፐር (ስፋትን በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ይዋሱና ይለኩ እንጂ ገና ምንም አይግዙ። መጀመሪያ የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበትን አጭር ቱቦ ወርድ ይለኩ። 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ በቱቦው ጫፍና ጫፍ ያሉት ክዳኖች የሚጠመዘዙበት ጥርስ የጣሊያን ነው፤ 68 ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝ ነው። የእንግሊዙ፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ክዳን የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። የጣሊያኑ በሁለቱም በኩል እንደ ተራ ብሎን ወደ ግራ ይፈታል። ይህን ሳያውቁ በረጅም መፍቻ የታገሉ ሰዎች ጥርሱን ልጠው ቴላዮውን ቶርኖ ቤት ሲያደርሱት አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። የጣሊያኑ የቀኝ ክዳን በጉዞ ብዛት የመላላት ጠባይ ስላለው ሲገጥሙት ጥሩ አድርገው ያጥብቁት።

ቀጥሎ የኋላ ጎማ የሚገባበትን ክፍተት ይለኩ፦ 120 ለባለ 5 ማርሽ፣ 126 ለባለ 6 እና 7፣ 130 ከዚያ በኋላ ለመጡት ነው። በመጨረሻ የኮርቻውን ቱቦ የውስጥ ስፋት ይለኩ። ብዙዎቹ የጣሊያን ቴላዮዎች 27.2 ይቀበላሉ፤ 27.0 ካስገቡበት ግን ኮርቻው በየመንገዱ ይሰምጣል።

ጥያቄ፦ የኮርቻው ዘንግ ተጣብቆ አልወጣ አለ። በእሳት ላሙቀው? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ አያሙቁት! ዘንጉ አልሙኒየም፣ ቴላዮው ብረት ነው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ ይብስ ይጠብቃል፣ ቀለሙም ይቃጠላል። ቴላዮውን ገልብጠው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ከታች በኩል ያፍስሱበት፤ በየቀኑ እየጨመሩ ሳምንት ይታገሱ። ከዚያ የዘንጉን ጫፍ በሞርሳ አስረው ቴላዮውን በሁለት እጅ ቀስ እያሉ ወዲህና ወዲያ ያዙሩት። በረዶ ዘንጉ ውስጥ መጨመርም ይረዳል።

ጥያቄ፦ አዲስ ቀለም ልቀባው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ቀለም ከሆነ፣ ቢጫጫርም እባክዎን ይተዉት። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ሜልቦርን ላይ ብስክሌተኞችም ወክለዋታል፤ የዚያን ዘመን ብስክሌት በመጀመሪያ መልኩ ማየት ግን ብርቅ ሆኗል። አጥበው ሰም ይቀቡት፣ ይበቃዋል። በፊት ተቀብቶ ከሆነ ትንሽ ማግኔት በየቱቦው ላይ ያሂዱ፤ ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ ካለ ከሥሩ ስቱኮ አለ፣ ስቱኮው የሸፈነውም ስርጉድ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቴላዮዬ 126 ነው፣ ያገኘሁት ጎማ 130። ይሆናል?

መልስ፦ ብረት ከሆነ ይሆናል፤ አልሙኒየም ከሆነ በፍጹም አይሞክሩት። በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ማስፋት ነው። ሲጨርሱ ክር ከአንዱ የኋላ ጎማ ማስገቢያ አስረው፣ በመሪው ቱቦ ፊት አዙረው ከሌላኛው ማስገቢያ ጋር ወጥረው ያስሩት። ክሩ ከኮርቻው ቱቦ ያለው ርቀት በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጎን ከሰፋ፣ በዚያ በኩል ያለውን እግር (ጎማ ማስገቢያውን የያዘውን ቱቦ) ጥቂት ወደ ውስጥ ይግፉና እንደገና ይለኩ።