ማረፍ መክሊትን መቅበር ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እዚህ ጎንደር በነርስነት እሠራለሁ። ከተመረቅሁ ጀምሮ ሥልጠና በሥልጠና ላይ ስደራርብ፣ ማታ ማታም ስማር ቆይቻለሁ። የዓመት ፈቃድ ወጥቼ ቤት ስቀመጥ ግን ባልደረቦቼ ጥለውኝ የሄዱ ይመስለኛል፤ መክሊቱን እንደ ቀበረው አገልጋይ እንዳልጠየቅም እፈራለሁ። ማረፍ ስንፍና ነውን?

መልስ፦ እኅታችን፣ መልሱ ከጠቀሱት ምሳሌ ውስጥ ይገኛል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያ አገልጋይ ሀኬተኛ (ሰነፍ) የተባለው ከሥራ በኋላ ስላረፈ ሳይሆን ፈርቶ ሥራውን ከቶ ስላልጀመረ ነው። ጌታቸውም ሊቆጣጠራቸው የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ሆነ ቁጥር 19 ይናገራል። በመክሊታቸው ነግደው ላተረፉት ለሁለቱ አገልጋዮች ረጅም ጊዜ ተሰጥቷቸው ሳለ፣ እርስዎ ይህን ጊዜ ለራስዎ እየከለከሉ ነው።

ይልቁንም የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6ን ያስተውሉ። ሐዋርያት ከተላኩበት ተመልሰው ያደረጉትንና ያስተማሩትን ሁሉ ለጌታ በነገሩት ጊዜ፣ ወጪ ወራጁ ከመብዛቱ የተነሣ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ አጥተው ነበርና፣ ሌላ ተልእኮ ሳይጨምርላቸው ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው። በመጀመሪያ ሠሩ፤ ቀጥሎ የሠሩትን መለስ ብለው ተናገሩ፤ ከዚያም ወደ ዕረፍት ተጠሩ። ሕዝቡ ተከትሏቸው በመጣ ጊዜ ጌታ ስላዘነላቸው አስተማራቸው፤ ለተቸገረ ሰው ሲባል ዕረፍት ይቋረጣልና፣ በሰንበት ተረኛ ሆነው ሕሙማንን ቢረዱ ሰንበትን ሻርሁ ብለው አይጨነቁ።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ሥርዓት ከዚህ የራቀ አይደለም። በጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋምን፣ ማለትም በጸናጽልና በመቋሚያ የሚቀርበውን የዝማሬ ሥርዓት፣ የሚማር ደቀ መዝሙር የተሰጠውን ቀለም (ትምህርት) አጥርቶ ለመምህሩ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ሲከልስ የሚውልበትን ቀን የባከነ አድርጎ የሚቆጥርበት የለም፤ ያልጸና ቀለም፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ በማሕሌት መካከል በቆመበት ሰዓት ይጠፋዋልና። የእርስዎም ሙያ የሰው ሕይወት የተያዘበት ስለሆነ፣ በችኮላ የተደራረበ ዕውቀት በጭንቅ ሰዓት እንዳይከዳዎት እሰጋለሁ። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 የጸሐፊ ጥበብ በፋታ ጊዜ እንደምትገኝ ይመሰክራል።

ዕረፍት ስል ግን እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ሲነካኩ ማምሸትን አይደለም። እንቅልፍን በወጉ መተኛት፣ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተሰብ ጋር ተረጋግቶ መዋል፣ በሥራ ላይ ያጋጠመዎትንም በጸሎት መካከል እያሰቡ መመርመር ማለቴ ነው።

የሚቀጥለውን ሥልጠና በተመለከተ፣ ባለፈው የተማሩትን ለአንዲት ጀማሪ ነርስ ሳይደናገሩ ማስረዳት መቻልዎን አስቀድመው ይፈትኑ። ከቻሉ ይመዝገቡ፤ ካልቻሉ ግን የተማሩት እስኪጸና ድረስ ያቆዩትና ከንስሐ አባትዎ ጋር ይምከሩበት።